የሰርግ ካሴታችሁን ሳይሻግት ወደ ኮምፒውተር መገልበጫ መንገድ

እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጋቢዎቹ ስር፣ 11 የቪዲዮ ካሴት ተደርድሮ ነበር። የእሷና የአባቴ ሰርግ፣ የእህቴ ልደት፣ የአጎቴ ኒካህ፣ አያቴ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላ ቡና ስታፈላ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ቤቱን ዘግተን ወጣን። በታኅሣሥ ስንመለስ ቴሌቪዥኑም፣ ካሴት ማጫወቻው ዴክም የለም። ካሴቶቹ ግን ወለሉ ላይ ተበትነው አገኘናቸው። የሁለቱ ክር ተጎልጉሎ ወጥቷል፣ ዘጠኙ ደህና ናቸው። እናቴ ስለ ቴሌቪዥኑ አንድም ቃል አልተናገረችም። ካሴቶቹን አንድ በአንድ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች "ሰርጌስ አለ?" ነው ያለችው።

የአያቴ ድምፅ ያለው አንድ ክር ላይ ብቻ ነበር። ፎቶዋ ብዙ ቦታ አለ፣ ድምፅዋ ግን ሌላ የትም የለም።

ከዚያ በኋላ ዘጠኙንም ገለበጥኩ፤ የተጎለጎሉትን ሁለቱንም በእጅ አጠንጥኜ አንዱን አዳንኩት። የጎረቤትና የዘመድ ሲጨመር እስካሁን ከ40 በላይ ካሴት በእጄ አልፏል። የተማርኩትን ሁሉ እዚህ አስቀምጣለሁ። ነገሩ ከባድ አይደለም፣ አብሽሩ። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፤ የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ካሴቱ በተጫወተ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይበላል። ስለዚህ ለቴሌግራም ብላችሁ በትንሽ ጥራት፣ ከዚያ ለዩቲዩብ ብላችሁ እንደገና አትገልብጡት። አንዴ፣ በጥሩ ጥራት፣ ዋናውን ቅጂ አውጡ። ለሰው የምትልኩት ሁሉ ከዚያ ቅጂ ይወጣል። እኔ ከዓመታት በፊት የሰርጉን ካሴት አንድ ሱቅ ወስጄ በዲቪዲ አስገልብጬው ነበር። ምስሉን ወደ ጎን ለጥጠው ሙሽሮቹን አወፍረዋቸው፣ ጥራቱን አውርደው ሰጡኝ። ዲቪዲው ራሱ ከአምስት ዓመት በኋላ አልከፍት አለ። ካሴቱ ግን ዛሬም ይጫወታል።

ለምን አሁን?

ቪኤችኤስ የሚባለውን ካሴት የጃፓኑ ጄቪሲ በ1976 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ አወጣው። ዴክ ሲሠራ የቆየው የመጨረሻው ፋብሪካ፣ እሱም የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ማምረት አቆመ። ዛሬ ያለው ዴክ ሁሉ አሮጌ ነው፤ ሄድ የሚባለው ክሩን የሚያነብበው ክፍል እየሟሸሸ፣ ላስቲኩ እየደረቀ ነው። ክሩም እንደዚሁ። ውፍረቱ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ፕላስቲክ ላይ የማግኔት ዱቄት በማጣበቂያ ተለጥፎበታል፣ ማጣበቂያው ደግሞ ያረጃል። ላዩ ላይ ኢ 180 የሚል ካሴት ካላችሁ የሦስት ሰዓት ነው፣ ውስጡ ወደ 258 ሜትር ክር አለ። ከዚያ ሁሉ ርዝመት አንዷ ስንዝር ብትበላሽ የምትጠፋው የትኛዋ ደቂቃ እንደሆነች አስቀድሞ አይታወቅም።

ዴክ ከየት ይገኛል?

ሱቅ አትፈልጉ። ሰው ቤት ፈልጉ። ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ሰው ጂዳና ሪያድ፣ ዱባይና ኩዌት ዘመድ አለው፣ በዚያን ጊዜ ዴክ የመጣው ከዚያ ነው። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ስር ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ዴክ ገና አለ። እኔ ያገኘሁት ሸዋ በር አካባቢ ካሉ አንዲት ዘመዳችን ቤት ነው። ከአረብ አገር የመጣ ዴክ ሌላም ጥቅም አለው፤ ብዙዎቹ መልቲ ሲስተም ናቸው፣ ከአሜሪካ የተላከ ካሴትም ያጫውታሉ።

ዴኩን ከመውሰዳችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ከአሜሪካ የመጣና 110 ቮልት የሚል ከሆነ እንደመጣ ከሰካችሁት ይቃጠላል፤ የእኛ ቤት 220 ነው። ከዚያ በማትፈልጉት ካሴት ሞክሩት። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ አጫውቱ፣ አቁሙ፣ አውጡ። ካሴቱን ሲያወጣ ክሩ ተጎትቶ ከቀረ ያ ዴክ የእናታችሁን ሰርግ ይበላዋል፣ መልሱት ወይ አሠሩት። ደሴ ውስጥ ቴፕና ራዲዮ ሲጠግኑ ያረጁ ሰዎች አሉ፤ ላስቲክ መቀየር ለእነሱ ቀላል ነው።

ካሴታችሁ ትንሽ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። ቪኤችኤስ-ሲ የሚባለው ትንሹ ካሴት አዳፕተር ውስጥ ገብቶ እዚያው ትልቁ ዴክ ላይ ይጫወታል። 8 ሚሊ ሜትር ወይም ሃይ 8 የሚሉት ግን በየትኛውም አዳፕተር አይሆኑም፤ ራሱ የቀረጻቸው ዓይነት ካሜራ መገኘት አለበት። ስታገኙ የካሜራውን የኤቪ ገመድ አብራችሁ ጠይቁ፣ ያለሱ ዋጋ የለውም።

ሌላው ዕቃ ቀላል ነው። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ያለው የኤቪ ገመድ። ዩኤስቢ ካፕቸር የምትባለው ትንሽ መሣሪያ፤ አንድ ጫፏ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል፣ በሌላ ጫፏ ሦስቱን ገመድ ትቀበላለች። ቢያንስ 100 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ላፕቶፕ። የጆሮ ማዳመጫ። ኤቪን ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይረዋን ትንሽ ነጭ ሳጥን አልመክራችሁም። ለቴሌቪዥን ነው የተሠራችው፣ ምስሉን ትለጥጠዋለች፣ የተለጠጠውን መልሶ ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

ካሴቱን ማየት

ማጫወት አላልኩም፣ ማየት። ካሴቱን መስኮት ፊት ለፊት ያዙና በመስታወቷ በኩል የተጠነጠነውን ክር ተመልከቱ። ጥቁር፣ ለስላሳና አንጸባራቂ መሆን አለበት። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ዴክ ውስጥ አታስገቡት! ሻጋታው ሄዱ ላይ ይቀራል፣ ከሄዱ ወደሚቀጥለው ካሴት ይሄዳል፣ በአንድ ቀን ዘጠኙንም ትበክላላችሁ። ለብቻው በፌስታል አድርጉት፣ ከሌሎቹ አርቁት፣ የመጨረሻ ሥራ ይሁን። ስትነኩትም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

የደሴን ጉም ታውቁታላችሁ። ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ቤቱ ውስጥ ያለ ልብስ ሳይቀር ይረጥባል። ካሴትም እንደዚያው ነው። ከቀዝቃዛ ዕቃ ቤት ወጥቶ ሞቅ ያለ ሳሎን ሲገባ፣ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ እንደሚታየው ዓይነት ጠል ክሩ ላይ ይቀመጣል። እርጥብ ክር የሚሽከረከረው ሄድ ላይ ይጣበቅና ይበጠሳል። ስለዚህ ካሴቱንም ዴኩንም የምትሠሩበት ክፍል ውስጥ አሳድሩ። ከደሴ ይዛችሁ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትገለብጡ ከሆነማ ይህ ግዴታ ነው፤ መንገዱ አጭር ቢሆንም የአየሩ ለውጥ ብዙ ነው፣ እንደደረሳችሁ አትስኩት። መኪና ውስጥም ፀሐይ የሚመታው መስታወት ስር አታስቀምጡት።

ክሩ ከተበጠሰ ወይም ከተጎለጎለ ተስፋ አትቁረጡ። የካሴቱ ጎን ላይ ትንሽ መጫኛ አለች፣ እሷን ስትጫኑ የፊቱ ክዳን ይከፈታል። ከስሩ መሐል ላይ ደግሞ አንዲት ቀዳዳ አለች። በቀጭን እንጨት ውስጧን ስትገፉ ፍሬኑ ይለቃል፣ ጥርሶቹን በጣት እያዞራችሁ ክሩን መሰብሰብ ትችላላችሁ። እጃችሁን ታጠቡ፣ አድርቁ፣ ክሩን በጠርዙ ብቻ ያዙት። እኔ የአጎቴን ኒካህ እንደዚህ ነው የሰበሰብኩት። አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል፣ አንድ ቦታ ላይ ክሩ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጨማዶ ነበር፣ በጣቴ እያለሳለስኩ አሳለፍኩት። ስናጫውተው እዚያ ቦታ ላይ ምስሉ ለሁለት ሰኮንድ ያህል ይፈርሳል፣ ከዚያ ሙሽራው ፈገግ ብሎ ይመለሳል።

ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ መቀጠል ይቻላል፣ ግን በተራ ስኮች አይደለም። የስኮች ሙጫ ሙቀት ሲነካው ይቀልጥና ይወጣል። ውስጥ ያለው የሄድ ከበሮ በሰኮንድ 25 ጊዜ ይሽከረከራል፣ ያ ሙጫ ሲነካው ዴኩ አለቀ። ለክር መቀጠያ የተሠራ ፕላስተር ካልተገኘ ለጠጋኝ ስጡት።

በመጨረሻ የካሴቱ ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ስበሩ። እሷ ከሌለች ዴኩ በስህተት ላዩ ላይ ሊቀርጽበት አይችልም። አንድ የተሳሳተ ቁልፍ ሰርግ ያጠፋል።

ሄድ ማጽዳት

አብዛኛው ሰው "ካሴቱ ተበላሽቷል" የሚለው ዴኩ ቆሽሾ ነው። ምስሉ ሙሉ በሙሉ ነጭ ብናኝ ከሆነና ድምፁ ግን የሚሰማ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሄዱን ነው።

ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ክዳኑን ፍቱ። መሐል ላይ ትንሽ ዘንበል ያለ የሚያብረቀርቅ ከበሮ ታያላችሁ፣ ሄዶቹ እሱ ላይ ናቸው፤ ጥፍር የማታክል ቁራጭ ብረት ናቸው። ንጹሕ ነጭ የፕሪንተር ወረቀት ቆርጣችሁ አልኮል አስነኩት። ወረቀቱን ከበሮው ላይ ቀስ ብላችሁ አስደግፉትና ሳታንቀሳቅሱት በሌላው እጃችሁ ከበሮውን ከአናቱ አዙሩት። ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ወረቀት እየቀየራችሁ መስመሩ እስኪጠፋ ድገሙት። ወደ ላይና ወደ ታች በጭራሽ አትፈግፍጉ፣ ሄዱ ይሰበራል። የጆሮ ጥጥም ሄዱ አጠገብ አይደርስም፣ የጥጡ ቃጫ ይያዝበታል። ጥጡ ክሩ የሚያልፍባቸውን ሌሎች ብረቶች ለማጽዳት ይሆናል።

አልኮሉ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ነው የሚሻለው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ውኃ አለበት፣ እሱን ከተጠቀማችሁ ረዘም አድርጋችሁ አድርቁ። የእጅ ሳኒታይዘር ግን አይሆንም፣ ቅባት አለው። ላስቲኩን ተሽከርካሪ በአልኮል ሳይሆን ውኃ በነካው ጨርቅ ጥረጉት። ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁና ክደኑት።

መብራቱስ?

ይህን ዝም ብዬ አላልፈውም። ካሴት እየዞረ መብራት ሲሄድ ክሩ ከበሮው ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል። መብራት ሲመለስ ደህና ዴክ ራሱ ይፈታዋል፣ ግን በሁለት ደቂቃ ሦስቴ ሄድ መጣ ካለ ያኔ ነው አደጋው። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ ዴኩን ንቀሉ፣ ሲመጣ እስኪረጋጋ ጠብቃችሁ ሰኩ። ስታብላይዘር ያለው ሰው ይጠቀም። ቤት ውስጥ ምጣድ የሚጣድበትን ቀንም ጠይቁ። እኛ ቤት ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፣ አንድ ጊዜ እንደዚያ ሲል ገልብጬ ምስሉ ሲዋልል ነው ያየሁት። አሁን እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ካሴት አልነካም።

ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን። የምትቀርጹበት የፋይል ዓይነት ደግሞ ኤምኬቪ ይሁን እንጂ ኤምፒ4 አይሁን። ተራው ኤምፒ4 መሐል ላይ ከተቋረጠ ሙሉው አይከፈትም። ኤምኬቪ ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይተርፋል። የሁለት ሰዓት ሥራ የሚያድን ነገር ነው።

ማገናኘትና ማስተካከል

ከዴኩ ጀርባ አውት የሚለውን ፈልጉ። ቢጫው የምስል ነው፣ ነጭና ቀዩ የድምፅ። አሮጌ ዴክ የድምፅ ቀዳዳው አንድ ብቻ ከሆነ ነጩን ብቻ ሰኩ። የአንቴናውን ቀዳዳ አትጠቀሙ፣ ጥራቱ ይወርዳል። ካፕቸሯን ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ፣ በማከፋፈያ አይሁን። ዴኩ ምስል ሲያጣ ሰማያዊ የሚያደርግ ከሆነና ሜኑው ላይ ማጥፊያ ካለው አጥፉት። አለበለዚያ ትንሽ በተጎዳ ቦታ ሁሉ ሰማያዊ ስክሪን ነው የምትቀርጹት።

ፕሮግራሙ ኦቢኤስ ስቱዲዮ ይሁን። ነጻ ነው፣ ብዙ ወጣት ለላይቭ ስለሚጠቀምበት የሚያግዛችሁ አታጡም። ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ቪዲዮ የሚለው ላይ ሁለቱንም መጠን 768 በ576 አድርጉ፣ ፍጥነቱን 50። አውትፑት ላይ አድቫንስድ ምረጡ፣ ሪከርዲንግ ውስጥ ኤምኬቪ፣ ኢንኮደሩን ኤክስ264፣ ሬት ኮንትሮሉን ሲቢአር፣ ቢትሬቱን (በየሰኮንዱ የሚቀመጠውን የመረጃ መጠን) 10,000። በዚህ ልክ አንድ ሰዓት ወደ 4.5 ጊጋባይት ይወስዳል፣ የሦስት ሰዓት ካሴት 13.5 ጊጋ ገደማ። በዛ ብላችሁ አታውርዱት፣ ዋናው ቅጂ ነው።

ከዚያ ሶርስስ ላይ የመደመር ምልክቷን ነክታችሁ ቪዲዮ ካፕቸር ዲቫይስ ጨምሩ። ካፕቸራችሁን ምረጡ፣ መጠኑን 720 በ576 አድርጉ። ኮንፊገር ቪዲዮ የሚለውን ስትከፍቱ የቪዲዮ ስታንዳርድ (ምስሉ የተቀረጸበትን ሥርዓት) ይጠይቃችኋል፣ ፓል ቢ ምረጡ። እኛ አገር የተቀረጸ ካሴት ፓል ነው። ከአሜሪካ የተላከ ከሆነ ኤንቲኤስሲ ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ወደ ላይ እየተንከባለለ ካስቸገረ፣ ካሴቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ምስሉን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ትራንስፎርም ውስጥ ስትሬች ቱ ስክሪን በሉት፣ ልኩን ይይዛል። ሙሽሮቹ አይወፍሩም አይከሱም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር። የድሮ ቪዲዮ በሰኮንድ 50 ግማሽ ምስል ነው፤ አንዴ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ አንዴ ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው። ኮምፒውተር ሁለቱን አንድ ላይ ሲያሳይ የሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ሶርሱን ቀኝ ክሊክ፣ ዲኢንተርሌሲንግ፣ ያዲፍ 2 ኤክስ። ይኸው ነው። ልዩነቱን ማየት ከፈለጋችሁ እስክስታ ያለበት ቦታ አጫውቱ። በተራው መንገድ ሲገለበጥ ትከሻው ይደበዝዛል፣ ግማሽ እንቅስቃሴው ይጠፋል። በ50 ሲሆን ግን የወሎ እስክስታ እንደነበረው ነው፤ ትከሻው ሲወርድ፣ አንገቱ ሲሰበር፣ እያንዳንዷ ትታያለች። ምስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየዘለለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እዚያው ሜኑ ላይ ቶፕ የሚለውን ወደ ቦተም ቀይሩት።

ድምፅ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። መጀመሪያ የላፕቶፑን ማይክ ዝጉት። እኔ የመጀመሪያውን ካሴት ሙሉ ሦስት ሰዓት ገልብጬ ስሰማው የሰርጉ ዘፈን ሳይሆን የኛ ሳሎን ወሬ ነው የተቀረጸው፣ ካሴቱን እንደገና ማጫወት ነበረብኝ፣ ዛሬም ይቆጨኛል። የድምፁ ምንጭ ካፕቸሯ መሆኗን የጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ አረጋግጡ። ሁለተኛ መለኪያው ቀዩ ላይ እንዳይደርስ። ከበሮ ሲመታ ይዘላልና በከበሮው ለኩት እንጂ በንግግሩ አይደለም። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ከሆነ አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሞኖ የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጉባት። እናቴ ሰርግ ላይ አንድ አዝማሪ አምባሰል ይዞ ነበር፣ ማሲንቆው የሚሰማው በግራ ብቻ ነበር። ያቺ ምልክት ወደ መሐል አመጣችው።

መቅረጽ

ካሴቱን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ ከዚያ እስከ መጀመሪያው ወደ ኋላ አጠንጥኑት። ለዓመታት የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ይህ ያላቅቀዋል፣ አጠነጣጠኑም ይስተካከላል። ከዚያ የአምስት ደቂቃ ሙከራ ቀርጻችሁ እዩ፣ ስሙ። ምስሉ ላይ ነጭ ጭረት ካለ የዴኩን ትራኪንግ (የሄዱን አነባበብ ከክሩ ጋር የሚያስተካክለውን ቁልፍ) ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ቀስ እያደረጋችሁ ጥርት የሚልበት ቦታ ላይ አቁሙ። ከስር ጠርዝ ላይ የምትታይ ቀጭን የተረበሸች መስመር ግን የዘመኑ ሁሉ ካሴት ላይ አለች፣ በኋላ ትቆረጣለች።

ላፕቶፑ እንዳይተኛ አድርጉት፣ አፕዴቱን አቁሙ፣ ሌላ ሥራ አትሥሩበት። መቅረጹን ጀምሩ፣ ከዚያ ዴኩን አጫውቱ። በዚህ ቅደም ተከተል፤ የመጀመሪያዋ ሰኮንድ እንዳታመልጥ።

እነዚያን ሦስት ሰዓታት ደግሞ ብቻችሁን አታሳልፏቸው። ቡና ይፈላ፣ ሰውየውን የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ጥሩ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ደቂቃውን በግራ፣ ስሙን በቀኝ ጻፉ። "41ኛ ደቂቃ፣ ነጭ ጥምጥም ያደረጉት፣ የአባቴ አጎት፣ ከቦሩ ሜዳ የመጡ።" እኔ ካላስጻፍኩት ያ ሰው ለልጄ ጥምጥም ያደረገ ሽማግሌ ብቻ ነው። ከእናቴ ጋር ስናይ ሰርጉ ላይ ወጥ የምታወጣ አንዲት ሴት ካሜራው ለአራት ሰኮንድ ያህል አለፈባት። እናቴ "ቆይ መልሰው!" አለች። ድስቱን ሳትሰስት የሰጠቻቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከእሳቱ ያልተለየች ጎረቤት ነበረች። ስሟን ጻፍነው። ካሴቱን ወደ ኋላ አልመለስኩትም ግን፤ ቅጂው ሲያልቅ እዚያ መመለስ ይቻላል፣ ካሴቱን መሐል ላይ ማቆምና መመለስ ክሩን ይጎዳል።

ሲያልቅ ፋይሉን ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው እዩት። መጨረሻው ላይ ጭብጨባ ፈልጉና እጁና ድምፁ አንድ ላይ መሆናቸውን ተመልከቱ። ስሙን እንዲህ ስጡት፦ 1985 ጥር ሰርግ ካሴት 1። ከዚያ ሁለት ቦታ ቅዱት። ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አልቀበልም የሚል ፍላሽ ካጋጠማችሁ ፋት 32 ሆኖ ነው። ውስጡ ያለውን አውጥታችሁ ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። የኛ አንዱ ሃርድ ዲስክ ደሴ እናቴ ጋ ነው፣ ሌላው ኮምቦልቻ እህቴ ቤት። አንድ ቤት ውስጥ ያለ ሁለት ቅጂ እንደ አንድ ነው የምቆጥረው፣ ምክንያቱን መጀመሪያ ላይ ነግሬያችኋለሁ።

ለሰው ማካፈል

ዋናውን ፋይል አትነካኩት። ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከሱ ሌላ ቅጂ አውጡ። ከስር ያለችውን የተረበሸች ጠርዝ 10 መስመር ያህል ቁረጡ። የሦስት ሰዓት ሰርግ እንዳለ አትልቀቁ፣ የሚያየው የለም። ሽማግሌ ሲላክ፣ ሙሽራዋ ስትወጣ፣ መልሱ፣ እያላችሁ ክፈሉት።

በነጻው ቴሌግራም ለዘመድ ስትልኩ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ነው የሚፈቀደው። ቢትሬቱን 3,000 ካደረጋችሁ አንድ ሰዓት ወደ 1.35 ጊጋ ይመጣል። በቪዲዮ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩት፣ ካልሆነ እንደገና ይጨመቅና ይደበዝዛል። ዩቲዩብ ላይ ስልካችሁን ካላረጋገጣችሁ ከ15 ደቂቃ በላይ አይወስድም። እዚያ የምትጭኑትን ደግሞ ሃንድብሬክ ላይ ወደ 1440 በ1080 አሳድጉት። አዲስ ጥራት አይፈጥርም፣ ነገር ግን ዩቲዩብ ለትልቅ መጠን የተሻለ ቢትሬት ስለሚሰጥ የነበረው ብዙም አይጎዳም፣ 50ውም እንዳለ ይቀመጣል። ከሰርጉ በስተጀርባ የሚሰማው የታወቀ ዘፈን ከሆነ የመብት ማሳወቂያ ሊመጣባችሁ ይችላል፤ ያን ክፍል ቆርጣችሁ በንግግሩ ተኩት ወይም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ አስቀሩት። ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ እንዲያየው ማድረግም ይቻላል፣ እኔ ሁሉንም እንደዚያ ነው ያስቀመጥኩት።

ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ጠይቁ። የሴቶቹ ክፍል ውስጥ የተቀረጸ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ በሕይወት የሌለ ሰው አለ። ለአንዲት ጎረቤታችን ካሴታቸውን ገልብጬ ሳሳያቸው ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸው ባለቤታቸው ከስክሪኑ ላይ ሲስቁ አዩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ዝም አሉ።

"እትዬ፣ ልጆቹ አረብ አገር እንዲያዩት ልልቀቀው ወይ?" አልኳቸው።

"የሱን ልቀቀው ልጄ። እኔ ፀጉሬ የተገለጠችበትን ግን ተውልኝ።"

"አብሽሩ፣ ቆርጬ አወጣታለሁ።"

ቆረጥኳት። ከዋናው ፋይል ግን አላጠፋኋትም፣ እሱ የሳቸው ነው፣ በፍላሽ አድርጌ በእጃቸው ሰጠኋቸው።

ካሴቱንም አትጣሉት። እስከ መጀመሪያው አጠንጥኑት፣ ማህደሩ ውስጥ ክተቱት፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ፣ ከስፒከር ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። እናቴ የኛን ከጋቢዎቹ ስር መልሳ አስገብታዋለች።